የመናገር ተቃራኒ ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆች፣ «የመናገር ተቃራኒ ምንድን ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ «ዝም ማለት» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ልክ ነው። ነገር ግን ዝም ማለት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ልዩ ልዩ ስም አለው።

ሀ. ዝምታ፦ አለመናገር ማለት ነው። የተኛ ሰውም፣ ያኮረፈ ልጅም፣ ትምህርቱን ያላጠና ተማሪም ዝም ይላል። ዝምታ በጎ ወይም ክፉ የሚባለው በምክንያቱ ነው።

ለ. ጽሞና፦ ጆሮንና ልብን ሰብስቦ ማዳመጥ ነው። በቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ስናስቀድስ ከግቢው ውጭ የታክሲ ረዳት ይጣራል፤ በሰማይም አውሮፕላን ያልፋል። እነርሱን ዝም ማሰኘት አንችልም፤ የራሳችንን ልብ ግን መሰብሰብ እንችላለን። አፉን ዘግቶ ልቡ ኳስ ሜዳ የሄደበት ልጅ ዝም አለ እንጂ በጽሞና አላስቀደሰም።

ሐ. አርምሞ፦ ቃሉ የግእዝ ነው። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ፣ «አርመመ» ማለት ደግሞ ዝም አለ ማለት ነው። አርምሞ ስለ እግዚአብሔር ብሎ አንደበትን መግዛት ነው። በገዳም የሚኖሩ አባቶች ለጸሎት ብለው አርምሞ ይይዛሉ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በጲላጦስ ፊት በሐሰት ሲከስሱት አልመለሰላቸውም (ማቴ. 27፥12-14)። ይህም መልስ አጥቶ ሳይሆን እኛን ለማዳን በፈቃዱ መከራ ሊቀበል ስለ ወደደ ነው።

መ. የአንደበት መዘጋት፦ ካህኑ ዘካርያስ የመልአኩን ቃል ስላላመነ ልጁ ዮሐንስ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ድረስ መናገር አልቻለም (ሉቃ. 1፥20)። ይሁን እንጂ መናገር የማይችሉ ሰዎችን ሁሉ «ተቀጥተው ነው» አንበል። ብዙዎቹ በምልክት ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ልናከብራቸው ይገባል።

ልጆች፣ ዝም ማለት የማይገባበት ጊዜም አለ። ሕዝቧ እንዲጠፋ በታወጀ ጊዜ መርዶክዮስ አስቴርን ዝም እንዳትል አስጠነቀቃት። እርሷም ሦስት ቀን ጾማ ወደ ንጉሡ ገባች፤ ተናገረች፤ ሕዝቧም ዳነ። እናንተም ጓደኛችሁ ሲበደል ብታዩ፣ ወይም አንድ ሰው ክፉ ነገር አድርጎባችሁ «ለማንም እንዳትናገሩ» ቢላችሁ፣ ያን መደበቅ አርምሞ አይደለም። ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ። የመጀመሪያው ባይሰማችሁ ለሌላው ንገሩ። በመናገራችሁ ኃጢአት የለባችሁም።

እንግዲህ ከሐሜት፣ ከስድብና ከሐሰት ዝም እንበል፤ በቤተ ክርስቲያን በጽሞና እንቁም፤ ለተበደለ ሰው ግን እንናገር።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ዝምታና ጽሞና በምን ይለያያሉ?
2. በግእዝ የ«ነበበ» ተቃራኒ ምንድን ነው?
3. አስቴር ዝም ብትል ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።