የሞተር ሴንሰር ብልሽትን ከሞተሩ ከራሱ ሕመም ለይቶ ስለ ማወቅ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለኩሬ ቁፋሮ፣ ለመጋቢ መንገድ ጠረጋና ለእርከን ሥራ ዶዘር፣ ሎደር ወይም ኤክስካቫተር በሰዓት ሒሳብ መከራየት የተለመደ ነው። ማሽኑ በሥራ ላይ እንዳለ ቀይ መብራት ቢበራ ኦፕሬተሩ ብዙውን ጊዜ «ሴንሰር ነው፣ ግድ የለም» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን የዘይት ግፊት አጥቶ ሲሠራ የቆየ ሞተር ኩሽኔታው ይበላል፣ ቀጥሎም ሞተሩ ይጣበቃል፤ የኩሬውም ሥራ ክረምት ሳይገባ የማለቁ ነገር ያበቃል። በተቃራኒው ደግሞ ደህና ሞተር በአንድ የዛገ ሶኬት ምክንያት ሦስት ቀን ቆሞ ማኅበሩ ከጎንደር መካኒክ ያስመጣል። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኛው አንድ ቴስተርና አንድ የሙቀት መለኪያ ይዞ ሁለቱን እንዲለይ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

ሴንሰር ማለት ሙቀትን፣ ግፊትን ወይም የመዞር ፍጥነትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። ቀደም ሲል በናዝሬት ይገጣጠሙ በነበሩት የቤላሩስ ትራክተሮች ላይ ምልክቱ በቀጥታ ወደ ዳሽቦርዱ ጌጅ ይሄድ ነበር። በዛሬዎቹ ማሽኖች ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ለሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም ባየው መሠረት ናፍጣ ይቀንሳል፣ ጉልበት ይገድባል፣ ወይም ሞተሩን ያጠፋል።

ስለ ከፍታው

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው የአገሩ ከፍታ ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ደህና ሴንሰር የሚጣለው ይህን ባለማወቅ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 71 ወይም 72 ብቻ ነው፤ ወደ ጨነቅ ሲወጣ 65 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የአየር ግፊት ሴንሰሩ 71 ቢያሳይ እውነቱን እየተናገረ ነው። የቱርቦው ግፊት ሴንሰር መነሻውን ከዜሮ የሚቆጥር ዓይነት ከሆነ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ እርሱም ይህንኑ ቁጥር ማሳየት አለበት። ሁለቱ ብዙ ከተራራቁ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ደባርቅ ላይ 101 የሚለው ደግሞ ያለ ጥርጥር እየዋሸ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል ቢያጣና ጥቁር ጢስ ቢያበዛ ሴንሰር መፈለግ አያስፈልግም፤ ያነሰው አየሩ ነው።

ውኃም እንደዚሁ ነው። ደባርቅ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ተኩል ግድም፣ ዳባት ላይ በ91 ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ካረጀና ግፊት ካልያዘ፣ ጌጁ ገና ቀዩ ላይ ሳይደርስ ውኃው ይንተከተካል። ጌጁ አልተሳሳተም፤ መለወጥ ያለበት ክዳኑ ነው። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ግን ፊትን ማቃጠል ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

የሙቀት ሴንሰር በፈላ ውኃ ሲፈተንም ይኸው ስሕተት ይሠራል። ይህ ሴንሰር ሲሞቅ ተቃውሞው የሚቀንስ ነው። በሰፊው የሚሠራበት አንድ ዓይነት ለምሳሌ በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም፣ በ90 ዲግሪ 240 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 190 ኦም ገደማ ያሳያል። መጽሐፉ «በፈላ ውኃ ውስጥ 190» ቢል ደባርቅ ላይ የሚገኘው 240 ነው። ስለዚህ በመፍላቱ ሳይሆን ውኃው ውስጥ በገባ የሙቀት መለኪያ መፍረድ ይገባል። ትክክለኛው ሠንጠረዥ ከማሽኑ መጽሐፍ ይወሰዳል።

የዘይት ግፊት

የዘይት መብራት ሲበራ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ። ክርክር አያስፈልግም። ማሽኑ በሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ የዘይቱ ልክ በመለኪያ ዘንጉ ይታያል። ልኩ ደህና ከሆነ በሴንሰሩ ቦታ የእጅ ጌጅ ገጥሞ ለአጭር ጊዜ ማስነሣት ነው፤ ጌጁ በቂ ግፊት ካሳየ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው፣ ካላሳየ ሞተሩ አይነሣ። ጌጅ ከሌለ ማሽኑ ጌጅ እስኪመጣ ይቆማል። ባለ አንድ ሽቦ የመብራት ስዊች ባለው አሮጌ ሞተር ላይ ሽቦው ተነቅሎ መብራቱ ቢጠፋ ሽቦው ማሳ አለመንካቱን ብቻ ያስረዳል፤ ግፊት መኖሩን አያረጋግጥም። መብራቱ እንዳያስቸግር ሽቦውን ነቅሎ ሥራ መቀጠል በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው፣ ይሁን እንጂ ከዚህ የሚከፋ ልማድ አላየንም።

የሽቦ ምርመራ

ከሴንሰር በፊት ባትሪ ይታይ። ሞተሩ ቆሞ ባለ 24 ቮልቱ ማሽን 25 ገደማ፣ ሲሠራ ደግሞ ወደ 28 ማሳየት አለበት። በደባርቅ ውርጭ ማለዳ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ማሳ ብዙ መብራት በአንድ ጊዜ ያበራል፤ አምስት ሴንሰር በአንድ ሌሊት አይበላሽም።

ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰር ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፍ ሲከፈት ከአንዱ ሽቦ እስከ ማሳው 5 ቮልት መገኘት አለበት። ካልተገኘ በዚያው መስመር ያሉት ሌሎች ሴንሰሮች አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ሶኬቱ ተመልሶ ከተሰካ በኋላ የምልክቱ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ያሳያል። ፍጹም 0 ወይም ፍጹም 5 ከሆነ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ተነካክቷል። ሽቦን በመርፌ መብሳት እርጥበት ስለሚያስገባ የተከለከለ ነው። እህል መጋዘን አጠገብ በቆመ ማሽን ላይ የአይጥ ጥርስ፣ ከሊማሊሞ አቧራ በኋላ ደግሞ በከባድ የውኃ ግፊት የታጠበ ሶኬት መጀመሪያ ይመርመር።

ዳሽቦርዱ ኤስፒኤንና ኤፍኤምአይ የሚባሉ ቁጥሮችን የሚያሳይ ከሆነ የመጀመሪያው ክፍሉን ይናገራል፦ 100 የዘይት ግፊት፣ 110 የሞተር ውኃ ሙቀት፣ 190 የሞተር ፍጥነት ነው። የሁለተኛው ቁጥር ግን ይበልጥ ይጠቅማል። 3፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ነገሩ የሽቦና የኤሌክትሪክ ነው፤ 0 ወይም 1 ከሆነ ልኩ በእርግጥ ከመጠን አልፏል ወይም ወርዷል ማለት ስለሆነ ማሽኑ ቆሞ በእጅ መለኪያ ይረጋገጥ። ኮዱን ሳይጽፉ ማጥፋት ማስረጃን ማጥፋት ነው።

ሞተሩ ሲሞቅ ድንገት እየጠፋ ሲበርድ የሚነሣ ከሆነ የፍጥነት ሴንሰሩ ይጠርጠር። ከመለወጡ በፊት ወጥቶ ጫፉ ላይ የተጣበቀው የብረት ብናኝ ይጠረግ፤ ብናኙ ብዙ ከሆነ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የባልዲ ጥርስ በሚበየድበት ጊዜ የባትሪው ገመድና የኮምፒውተሩ ሶኬት ይነቀሉ፣ የብየዳው ማሳም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። ማኅበሩ በኪራይ ውሉ ላይ በብልሽት የቆመ ሰዓት እንደማይከፈልበት ያስጽፍ፤ የልማት ሠራተኛውም መብራቱ የበራበትን ሰዓት፣ የታየውን ኮድና ማሽኑ የነበረበትን ቦታ በመዝገቡ ላይ በዚያው ዕለት ያስፍር።