በሞሮኮ አገር ባለ ውስጥ ግቢ ቤት ስለ መከራየት ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት

ለንግድ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከዕቃው ዋጋና ከማጓጓዣው ሒሳብ ቀጥሎ የሚያሳስበው የማረፊያው ነገር ነው። ጉዳዩ የጥቂት ቀን ሲሆን ሆቴል ይበቃዋል፤ ሥራው ወራትን ወይም ዓመታትን የሚጠይቅ ሲሆን ግን ቤት መከራየት ግድ ይሆንበታል። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 በአዲስ አበባ በተደረገው የመሪዎች ጉባዔ ወደ አፍሪካ ኅብረት የተመለሰች አገር ናት፤ ከዚያም ጥቂት ቀደም ብሎ በኖቬምበር 2016 በድሬዳዋ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ከሞሮኮ የፎስፌት ድርጅት ጋር ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ወደዚያ አገር ጉዳይ የሚኖረው ነጋዴ በማራካሽ ወይም በፌዝ ሲደርስ በአሮጌው ከተማ ውስጥ «ሪያድ» የሚባለውን ቤት ተከራይ የሚል ደላላ ማግኘቱ አይቀርም። ቤቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ውበቱን አይቶ ብቻ የሚዋዋል ሰው ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ከውሉ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች ከዚህ ቀጥሎ በየተራ ተዘርዝረዋል።

1ኛ፤ ሪያድ ምን ዓይነት ቤት ነው?

ሪያድ የሚለው ቃል ዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜው የአትክልት ቦታ ማለት ነው። በትክክለኛው አነጋገር ሪያድ የሚባለው በመካከሉ በአራት መደብ የተከፈለ አትክልት፥ በአትክልቱም መሀል የውኃ ፏፏቴ ያለው ቤት ነው። አትክልት የሌለውና ግቢው በንጣፍ የተሸፈነው ቤት «ዳር» ይባላል። በዛሬው ገበያ ግን ደላሎች ሁለቱንም ሳይለዩ ሪያድ እያሉ ስለሚጠሩ ተከራዩ በስሙ ሳይሆን ባየው ነገር ዋጋውን ሊገምት ይገባዋል።

ቤቱ ጀርባውን ለመንገድ፥ ፊቱን ለግቢው የሰጠ ነው። የሐረርን የግንብ ቤቶች ያየ ሰው ይህን አሠራር በቀላሉ ይረዳዋል። በውጭ በኩል መስኮት የለውም፥ ወይም እጅግ ጥቂት ነው፤ ብርሃንና አየር የሚገባው በግቢው በኩል ብቻ ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መተላለፊያም መንገደኛ የቤተ ሰቡን ኑሮ እንዳያይ ተብሎ ጠምዘዝ ያለ ነው። ክፍሎቹ ረጃጅምና ጠባቦች የሆኑበት ምክንያት ጣሪያውን የሚሸከሙት የዝግባ አግዳሚዎች ርዝመት የተወሰነ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ሰፊ የአውሮፓ ዕቃ ይዞ የሚገባ ተከራይ ቦታ ያጣል።

እንዲሁም ሪያድንና «ፎንዱክ»ን ማደባለቅ አይገባም። ፎንዱክም ግቢ በመሀሉ ያለው ሕንፃ ነው፤ ነገር ግን ጥንት ነጋዴዎች ዕቃቸውንና ከብቶቻቸውን በታችኛው ቤት እያስቀመጡ ራሳቸው በፎቅ የሚያድሩበት የንግድ ቤት ነበር። ሪያድ ግን የቤተ ሰብ መኖሪያ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ንጣፉም፥ ደረጃውም፥ በሩም ለዕቃ ማከማቻ አይመችም።

2ኛ፤ የአሮጌው ከተማ ጠባይ

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1956 ድረስ ሞሮኮን በሞግዚትነት ሲያስተዳድሩ አዳዲሶቹን ከተሞች ከአሮጌዎቹ ጎን ሠሩ እንጂ አሮጌዎቹን አላፈረሱም። በዚህም ምክንያት «መዲና» የሚባለው ባለ ቅጥሩ ጥንታዊ ከተማ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። የፌዝ መዲና እ.ኤ.አ. በ1981፥ የማራካሽ መዲና በ1985፥ የኤሳዊራ መዲና በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ይህ ክብር ለተከራዩ ግዴታም ጭምር ነው፤ ግድግዳ ማፍረስ፥ ፎቅ መጨመር ወይም ሰገነቱን ማስረዘም ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ቤቶቹ የሚገኙት «ደርብ» በሚባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ሲሆን ከእነዚህም ብዙዎቹ መኪና የማይገባባቸው፥ ጫፋቸውም የተዘጋ ነው። ዕቃ የሚጓጓዘው በእጅ በሚገፋ ጋሪ ነው። ስለዚህ ተከራዩ ከመዋዋሉ በፊት መኪና ከሚቆምበት ቦታ እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ በእግሩ ሄዶ ሊለካ፥ መንገዱንም አንድ ጊዜ በቀን፥ አንድ ጊዜ በሌሊት ሊያይ ይገባዋል። በቀን ሰላማዊ የሚመስለው ደርብ በሌሊት ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ በዐርብ ቀን ጸጥ ያለውም በሌላው ቀን የአንጥረኛ መዶሻ የሚጮኽበት ሊሆን ይችላል።

3ኛ፤ ቤቱን ስለ መመርመር

የብዙዎቹ ቤቶች ግድግዳ ከተጠቀጠቀ ጭቃና ከሸክላ ጡብ የተሠራ ነው። የዚህ ዓይነቱ ግድግዳ ዋነኛ ጠላት እርጥበት ነው። በግድግዳው ግርጌ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ቢታይ ውኃ ከመሬት ወደ ላይ እየተሳበ መሆኑን ያስረዳል። ይህን ለመደበቅ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ይበልጥ አስጊ ነው፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን በውስጥ ስለሚያፍነው ጭቃው ይላላል። ትክክለኛው የአገሩ ልስን የኖራ ነው፤ ከእርሱም በላጩ «ታደላክት» የሚባለው፥ በድንጋይ እየተፋቀና በጥቁር ሳሙና እየታሸ የሚያንጸባርቀው ነው።

ቀጥሎም የጣሪያው አግዳሚዎች ወደ ግድግዳው የሚገቡበት ጫፍ መበስበስ አለመበስበሱ፥ የሰገነቱ ውኃ መውረጃ ንጹሕ መሆኑ፥ የግቢውም ፍሳሽ መውጫ አለመደፈኑ ይመርመር። ዝናም ሲጥል የጣሪያው ውኃ ወደ ግቢው ስለሚወርድ መውጫው ከተደፈነ ክፍሎቹ ይጥለቀለቃሉ። የሚቻል ቢሆን ቤቱን ከዝናም በኋላ ማየት እጅግ ጠቃሚ ነው።

ስንጥቅም በትጋት ይታይ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 በአትላስ ተራሮች በአል ሐውዝ አውራጃ የደረሰው በመጠን 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ2,900 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በማራካሽ መዲናም ቤቶችንና የቅጥሩን ግንብ ጎድቷል። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ስንጥቁን ሊሰውር ስለሚችል ማራካሽ ላይ የሚከራይ ሰው መሐንዲስ ይዞ መሄዱ ያዋጣዋል። የመሐንዲሱ ዋጋ ከአንድ ግድግዳ ማሠሪያ ያነሰ ነው።

የአየሩም ነገር አይዘንጋ። በማራካሽ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በክረምት ሌሊት ግን ብርዱ ብርቱ ነው። የግቢው ቤት ሙቀትን ለመከላከል የተሠራ ስለ ሆነ በክረምት ይበርዳል፤ ማሞቂያ ከሌለው ተከራዩ የመብራት ወጪውን ከወዲሁ ማሰብ አለበት።

4ኛ፤ የአከራዩን መብት ስለ ማረጋገጥ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው። በሞሮኮ ሁለት ዓይነት የቤት ሰነድ አለ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣው ሕግ መሠረት በመንግሥት የመሬት መዝገብ የተመዘገበው ነው፤ በዚህ መዝገብ ባለቤቱና በቤቱ ላይ ያለው ዕዳ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛው «መልኪያ» የሚባለው፥ «አዱል» በሚባሉት የሃይማኖት ሕግ ውል አዋዋዮች የሚጻፈው ነባር ሰነድ ነው። በመዲና ውስጥ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ ያላቸው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የመልኪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ወራሾቹ እየበዙ ይሄዳሉ። ቁልፉን ይዞ የሚያሳየው ሰው ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የጋራ ንብረትን ስለ ማስተዳደር የሚደረግ ውሳኔ የቀሩትን ባለድርሻዎች የሚያስገድደው ከአራት ሦስት እጅ ድርሻ ያላቸው ሲስማሙበት ነው። ስለዚህ ተከራዩ የወራሾቹን ዝርዝርና የፈራሚውን የውክልና ሥልጣን በጽሑፍ ሳያይ አንድ ድርሃም እንኳ ሊከፍል አይገባውም።

ቤቱ «ሐቡስ» የተባለው፥ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ንብረት ከሆነ ደግሞ ባለመብቱ ግለሰብ ሳይሆን የሐቡስ አስተዳደር ነው። በእንዲህ ያለው ቤት የተቀመጠ ሰው በራሱ ሥልጣን ለሌላ ሊያከራየው አይችልም።

5ኛ፤ ውሉ ምን ሊይዝ ይገባል?

ለመኖሪያ የሚደረገው ኪራይ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በሕግ ቁጥር 67-12 ነው። በዚህ ሕግ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ የመያዣው ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ቤቱን ሲረከቡና ሲያስረክቡም ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘጋጃል። በዚህ የርክክብ ጽሑፍ እያንዳንዱ የተሰበረ የ«ዘሊጅ» ንጣፍ፥ እያንዳንዱ የተሰነጠቀ በር ከፎቶግራፍ ጋር ቢመዘገብ በመጨረሻ መያዣውን ለማስመለስ ክርክር አይኖርም። የውሉም ፊርማ በማዘጋጃ ቤቱ ሹም ፊት ሊረጋገጥ ይገባል።

ኪራይ ስለ መጨመር እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 07-03 ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጭማሪ እንዳይደረግ ይከለክላል፤ ከዚያም በኋላ ለመኖሪያ ቤት ከ8 በመቶ፥ ለንግድ ቤት ከ10 በመቶ በላይ እንዲጨመር አይፈቅድም። ለምሳሌ ወርኃዊ ኪራዩ 10,000 ድርሃም የሆነ መኖሪያ ቤት ከሦስት ዓመት በኋላ ከ10,800 ድርሃም ሊበልጥ አይችልም።

ተከራዩ በቤቱ ውስጥ ሱቅ ለመክፈት ቢያስብ ነገሩ ሌላ ነው፤ የንግድ ቤት ኪራይ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በሕግ ቁጥር 49-16 ነው። እንግዳ ተቀብሎ ለማሳደር ቢፈልግ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ማውጣት፥ እንግዶቹን በፖሊስ ማስመዝገብና የአዳሪ ቀረጥ መክፈል ይኖርበታል። የመኖሪያ ውል ይዞ ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ከአከራዩም ከመንግሥትም ጋር ይጣላል። ስለዚህ ቤቱ ለምን ሥራ እንደሚውል በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የውኃና የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፥ ያልተከፈለ ዕዳ መኖር አለመኖሩ፥ የማዘጋጃ ቤቱን ግብር ማን እንደሚከፍል፥ ጣሪያና ግድግዳ ማደስም የማን ግዴታ እንደሆነ በውሉ ይለይ።

6ኛ፤ ስለ እድሳት ወጪና ስለ «ሳሩት»

አንዳንድ አከራይ ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ቤቱን ተከራዩ እንዲያድሰው ይጠይቃል። ይህ መልካም ስምምነት የሚሆነው የውሉ ዘመን ረጅም ሲሆን ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በወር 10,000 ድርሃም ተከራይቶ ለእድሳት 120,000 ድርሃም ቢያወጣ፥ አምስት ዓመት ቢቀመጥ እድሳቱ በየወሩ 2,000 ድርሃም ብቻ ስለሚጨምር ቤቱ 12,000 ድርሃም ይቆምለታል። ነገር ግን ያልፈረመ ወራሽ ተነሥቶ ውሉን በዓመቱ ቢያፈርስበት ያው እድሳት በየወሩ 10,000 ድርሃም ይጨምራል፤ ቤቱም እጥፍ፥ ማለት 20,000 ድርሃም አስከፈለው ማለት ነው። የግድግዳው ውበት ለባለቤቱ ይቀራል፤ ኪሳራው ለተከራዩ ይተርፋል። ስለዚህ ውሉ ቢፈርስ የእድሳቱ ወጪ እንዴት እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጻፍ።

እንዲሁም «ሳሩት» የሚባል ክፍያ አለ፤ ቃሉ በአገሩ ቋንቋ ቁልፍ ማለት ነው። ይህም ለቀድሞው ተከራይ ቦታውን እንዲለቅ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ሳሩት የገዛ ሰው ቤቱን የገዛ አይደለም፤ የገዛው የተከራይነትን መብት ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ባለርስት የሆኑ የሚመስላቸው አሉ።

7ኛ፤ ስለ ገንዘቡ ዝውውር

ድርሃም ያለ ገደብ የሚመነዘር ገንዘብ አይደለም። ተከራዩ ለመያዣና ለእድሳት የሚከፍለውን የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ባለው ባንክ በኩል ቢያስገባና ደረሰኙን ቢያኖር ኋላ ገንዘቡ ከውጭ የገባ መሆኑን ማስረዳት ይችላል። በእጅ የተከፈለ፥ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ግን በፍርድ ቤትም በባንክም ምስክር የለውም። ከኢትዮጵያም የሚወጣው ገንዘብ በአገሩ የምንዛሪ ደንብ መሠረት በባንክ መተላለፍ አለበት።

ማጠቃለያ

ሪያድ መከራየት ክፉ ነገር አይደለም፤ ጥላው፥ ጸጥታውና የእጅ ጥበቡ ለደከመ ነጋዴ ታላቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ሊገለበጥ አይገባውም፤ አስቀድሞ ሰነዱ፥ ቀጥሎ ግድግዳው፥ ከዚያ ውሉ፥ በመጨረሻም ክፍያው ይሁን። ደላላ ቢያስቸኩል፥ ሌላ ተከራይ መጥቷል ቢባልም ከዚህ ተራ መውጣት አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው የሁለት ሳምንት ምርመራ የብዙ ዓመት ክርክር ያድናል።