ክሎሪንና የገንዳ ዓሣዎች

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ፣ በመጨረሻ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

ሄሮን በጂቡቲ ከተማ በባሕር አጠገብ የሚገኝ ሠፈር ነው። የሠፈሩ ነዋሪ ባሕሩ ቅርቡ ቢሆንም፣ ጨዋማውን ውኃ እንዳለ ቀድቶ ሊጠጣው አይችልም። ጂቡቲ ዝናብ የማይበዛባት፣ ሙቀቷም የሚያይል አገር ስለሆነች የመጠጥ ውኃ የምታገኘው በብዙ ድካም ነው። ከከርሰ ምድር ጉድጓዶቿ በተጨማሪ፣ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ የሚነሣ የውኃ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆላታል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውኃ ከጨው የሚያጣራ ጣቢያ ተመርቋል።

እንዲህ በድካም የሚገኝ ውኃ በቧንቧና በማጠራቀሚያ ውስጥ ሳለ እንዳይበከል ጠባቂ ያስፈልገዋል። ስለዚህም ኮሌራንና ታይፎይድን የመሰሉ በሽታዎች የሚያስከትሉ ተሕዋስያን እንዲጠፉ፣ በከተሞች የመጠጥ ውኃ ውስጥ ክሎሪን ይጨመራል። ክሎሪን ለልብስ ማንጫ በምንጠቀምበት በረኪና ውስጥም ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ ውኃው ከተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በአንድ ሊትር ውስጥ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊኖር ይገባል፤ ከ5 ሚሊ ግራም ግን መብለጥ የለበትም።

እንግዲህ በሄሮን የሚኖር አንድ ቤተሰብ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ትናንሽ ዓሣዎች ያሳድጋል እንበል። ገንዳው በመቆሸሹ ውኃውን በሙሉ ደፍቶ ከቧንቧ በቀዳው ይተካል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣዎቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይደናበራሉ፤ ከዚያም ይሞታሉ። የተሞላው ውኃ ልጆቹ የሚጠጡት ንጹሕ ውኃ ነው። ታዲያ ዓሣዎቹን ምን ገደላቸው?

መልሱ የሚገኘው ክሎሪኑ ወደ ሰውነት በሚገባበት መንገድ ነው። ሰው ውኃ ሲጠጣ በውስጡ ያለው ጥቂት ክሎሪን በምራቅና በጨጓራ ካሉት ነገሮች ጋር ተዋሕዶ ኃይሉን ያጣል። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው ስንጥብ በሚባለው አካሉ ውኃን በማሳለፍ ነው። ስንጥብ በደም ሥሮች የተሞላና እጅግ ስስ ሽፋን ያለው በመሆኑ ክሎሪን በቀጥታ ያቃጥለዋል። የተጎዳውም ስንጥብ በዝልግልግ ፈሳሽ ይሸፈንና ኦክሲጅን ማሳለፍ ይሳነዋል። በዚህም ምክንያት ዓሣው በውኃ መካከል ሳለ ታፍኖ ይሞታል። ብዙ ዓሣዎችን ለመጉዳት በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም ያነሰ ክሎሪን እንኳ ይበቃል። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ስለሚቀንስ፣ በሞቃት አገር ጉዳቱ ይብሳል። ከዚህም ሌላ ክሎሪን ከዓሣ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃል።

ይሁን እንጂ ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። ውኃውን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቀድቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቢያቆዩት ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። የዕቃውን አፍ በመረብ መሸፈን ያሻል፤ በቤት የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ ነውና። ጊዜ የሌለው ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት በተባለ ውሁድ ክሎሪኑን ማክሸፍ ይችላል። የገንዳውም ውኃ በአንድ ጊዜ በሙሉ ሳይሆን ሩብ ያህሉ ብቻ ቢለወጥ ይመረጣል።

በመጨረሻም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ክሎሪኑ የወጣለት ውኃ ጠባቂው የተነሣለት ውኃ ነው። ስለዚህ ለዓሣ ተብሎ ክፍቱን የቆየን ውኃ ለሰው መጠጥ ማዋል አይገባም።

ጥያቄዎች

1. አንዱ ውኃ ልጆቹን ሳይጎዳ ዓሣዎቹን የገደለው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ ውስጥ «ጠባቂ» የተባለው ምንድን ነው? ለምንስ እንዲህ ተባለ?
3. «ተሕዋስያን»፣ «ይሳነዋል»፣ «ማክሸፍ» የሚሉትን ቃላት ፍቺ ጻፉ፤ በዓረፍተ ነገርም አስገቧቸው።
4. ለአንዱ ጠቅሞ ሌላውን የሚጎዳ ሌላ ነገር መርጣችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።