በፌዴሬሽን ለተሳሰሩ የማኅበራዊ ሚዲያ ሰርቨሮች ይፋዊ የአገልግሎት መከታተያ፦ የአለካክ መርሆዎች

መግቢያ

ማስቶዶንና መሰሎቹ በአንድ ኩባንያ ሥር የሚተዳደሩ አይደሉም። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም እ.ኤ.አ. በ2018 ባጸደቀው አክቲቪቲፐብ በተሰኘ ፕሮቶኮል መልእክት የሚለዋወጡ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አስተዳዳሪ ያላቸው ሰርቨሮች ስብስብ ናቸው። ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት በበጎ ፈቃደኞች ጉልበትና በተጠቃሚዎች መዋጮ ነው። በማስቶዶን አንድ ተጠቃሚ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር ቢችልም፣ የዝውውሩ ማስታወቂያ የሚላከው ከቀድሞው ሰርቨር ነው። ያ ሰርቨር ድንገት ከጠፋ ተከታዮቹም አብረው ይቀራሉ። ስለዚህ የሰርቨሮችን አስተማማኝነት ለሕዝብ የሚያሳይ መከታተያ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው መሣሪያ ምን፣ ከየትና እንዴት ሊለካ እንደሚገባ ማሳየት ነው።

ምን ይለካ?

ቀላሉ ዘዴ የሰርቨሩን መነሻ ገጽ በየጊዜው ጠይቆ መልስ መኖሩን መመዝገብ ነው። ይህ ግን በሁለት በኩል ያሳስታል። በማስቶዶን ወደ ሌሎች ሰርቨሮች የሚሄዱ ጽሑፎች ሳይድኪክ በተባለ የጀርባ ወረፋ ያልፋሉ፤ ወረፋው ቢቆም ገጹ እንደተለመደው ይከፈታል፣ መልእክቱ ግን አይደርስም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አንድ የማስቶዶን ሰርቨር የአፍጋኒስታን መለያ ያለበትን የዶሜይን ስሙን በአገሪቱ መዝጋቢ አካል ተነጥቋል። የተቋረጠው በስሙ ምክንያት እንጂ በማሽኑ ብልሽት አልነበረም።

ስለሆነም መሣሪያው የዶሜይን ስምን፣ የደኅንነት ሰርተፊኬትን፣ የገጹን ምላሽና የመልእክት ማድረስን በቅደም ተከተል ፈትሾ የተሰናከለበትን ደረጃ መመዝገብ ይኖርበታል። የመጨረሻውን ለመለካት በአስተዳዳሪው ፈቃድ የሙከራ አካውንት ይከፈታል፤ አካውንቱ በየተወሰነ ጊዜ የሚጽፈው አጭር ጽሑፍ ወደ መከታተያው የራሱ ሰርቨር ለመድረስ የወሰደበት ጊዜ ይያዛል።

ከየት ይለካ?

ከአንድ ቦታ ብቻ የሚለካ መሣሪያ የራሱን መቋረጥ የሌላው አድርጎ ይመዘግባል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባ ላይ የተተከለ መከታተያ ቢኖር ኖሮ በውጭ ያሉትን ሰርቨሮች ሁሉ «ተቋርጠዋል» ባለ ነበር። በመሆኑም ልኬቱ በተለያዩ ኔትወርኮች ላይ ከሚገኙ ቢያንስ ሦስት ቦታዎች መካሄድ ይገባዋል። ከሁሉም ቦታ ካልተደረሰ «ተቋርጧል»፣ ከአንዳንዱ ብቻ ከተደረሰ «በከፊል ይደረሳል» ይባል። መለኪያው ራሱ ከኢንተርኔት ከተለየ ውጤቱ «አልታወቀም» ተብሎ ከስሌቱ ውጭ ይሁን። ሰርቨሩ ጥያቄውን በግልጽ ከከለከለም ክልከላው እንደ መቋረጥ አይቆጠር፤ የከለከለ ሰርቨር መልስ ሰጥቷልና።

ቁጥሩ ምን ይናገራል?

በየ5 ደቂቃው የሚደረግ ፍተሻ በ30 ቀናት 8,640 ጊዜ ይካሄዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የ99.9 በመቶ አገልግሎት ማለት የ43 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ነው። ይሁንና በሁለት ፍተሻዎች መካከል ተከስቶ ያለፈ መቋረጥ አይታይም፤ አንድ ያልተሳካ ፍተሻም ችግሩ አምስት ደቂቃ ሙሉ መቆየቱን አያረጋግጥም። በተጨማሪም አንድ ጊዜ ለ43 ደቂቃ የተቋረጠና በየቀኑ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚቋረጥ ሰርቨር በመቶኛ ሲሰላ እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን የፍተሻዎች ብዛት፣ የመቋረጦች ቁጥርና ረጅሙ መቋረጥ አብረው ይውጡ፤ አስቀድሞ የተነገረ የጥገና ጊዜም ለብቻው ይመልከት።

ማጠቃለያ

ይፋ የሚወጣ ቁጥር ፍርድ ሆኖ ይነበባል። በስህተት የተሰጠ ቀይ ምልክት በነጻ የሚያገለግልን አስተዳዳሪ ስም ያጎድፋል፤ የተደበቀ መቋረጥ ደግሞ ተጠቃሚውን ለዓመታት ካፈራቸው ተከታዮች ይለያል። መከታተያው ሁለቱንም የሚጠብቀው ያየውን፣ ያየበትን ቦታና ማየት ያልቻለውን ለይቶ ሲመሰክር ነው። ያም ሆኖ ምስክርነቱ ስላለፈው ጊዜ ብቻ ነው። በማስቶዶን ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የሚካተቱ ሰርቨሮች ከመዘጋታቸው ቢያንስ 3 ወር አስቀድመው ለማሳወቅ ቃል ይገባሉ፤ አካውንት የሚከፍት ሰው ከመቶኛው ጋር ይህን ቃል መኖሩንም ቢመለከት ይመረጣል።