ፊደሉን አነበብኩት፣ ነገሩን ግን አላወቅኩትም

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ ቋንቋ መማር፣ በተለይም ስለ ዐረብኛ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሳ እንደ አዋቂ ልመክራችሁ አይደለም። ባለማወቄ በሌላ ሰው ላይ ያደረስኩትን ጉዳት ልነግራችሁና ከእኔ ስሕተት ትምህርት እንድትወስዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁርአንን ያኸተምኩት ገና በልጅነቴ፣ በሰፈራችን መድረሳ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆኑ እናት በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ልጃቸው በቤት ሠራተኛነት ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤው አገር ልትሄድ ነው። ወረቀቱ የሥራ ውሏ ሲሆን በማግስቱ መፈረም አለባት። «ልጄ፣ አንተ ቁርአን ያኸተምክ ነህና እስቲ ምን እንደሚል እይልን» አሉኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ እየተደናቀፍኩም ቢሆን ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናትየው «ማሻአላህ!» አሉ። «ለመሆኑ ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን ላብ አጠመቀኝ። የማውቃቸውን ቃላት በዓይኔ ለቀምኩ። «ሦስት ወር» የሚል አለ። «ደመወዝ» የሚልም አለ። «አላውቅም» ማለት አፈርኩና «ደመወዟን በየሦስት ወሩ ትቀበላለች ማለት ነው፤ ችግር የለውም» አልኳቸው። ልጅቷ ፈረመችና ሄደች።

ሦስት ወር ሞላ፣ ምንም አልተላከም። ልጅቷ ደውላ ስትናገር የሦስቱ ወር ደመወዝ ለጉዞ ወጪ እንደተቆረጠና ይህም በውሉ ላይ እንደተጻፈ ነገረቻቸው። እናትየው እኔን በአንዲት ቃል እንኳ አልወቀሱኝም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ «ማሻአላህ» የሚለውን ሙገሳቸውን ባስታወስኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ያሳትኩት በአንዲት ቃል ነው። ቃሏ «ዩኽሰሙ» የምትል ነበረች። «ኸስም» የሚለውን ቃል በቁርአን ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀርቼዋለሁ። እዚያ ስለ ተሟጋችና ስለ ባላጋራ የሚነገር ነው። በዛሬው የመሥሪያ ቤት ዐረብኛ ግን «ይቆረጣል፣ ይቀነሳል» ማለት ነው። እኔ ግን አንደኛውንም ትርጉም አላውቀውም ነበር፤ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ አጋጣሚ ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ሙስሊም በቀን 17 ረከዐ ፈርድ ሲሰግድ ሱረቱል ፋቲሓን ቢያንስ 17 ጊዜ ይቀራል። ይህ በዓመት ሲሰላ ከ6 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። ከመካከላችን ሰባቱን አያዎች በቃል በቃል ትርጉማቸው የሚያውቅ ስንቱ ነው? ቁርአንን ሳይረዱ መቅራት አጅር የለውም ማለቴ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀኝ! ነገር ግን በመቅራት ላይ ቆመን «ዐረብኛ እናውቃለን» ብለን ራሳችንን ካታለልን፣ ነገ አንዲት እናት ወረቀት ይዛ ስትመጣ እንደ እኔ እናሳስታታለን።

በእስልምና ታሪክ የቋንቋ ትምህርት ከእምነትና ከአደራ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቱን ሰሓባ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። ምክንያቱም ለሚላኩና ለሚመጡ ደብዳቤዎች በሌላ ወገን አንባቢነት ላይ ላለመደገፍ ነበር። ዘይድም በግማሽ ወር ያህል እንደተማረው ቲርሚዚ ዘግበውታል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ደብዳቤህን የሚያነብልህ ሰው ጉዳይህን በእጁ ይዟል። ያ ሰው ወይ የሚታመን አዋቂ መሆን አለበት፣ አለዚያም ራስህ ማወቅ አለብህ።

ከዚያ በኋላ ነሕው ወደሚያስተምሩ አንድ ኡስታዝ ሄጄ ከሀ ጀመርኩ። ለአማርኛ ተናጋሪ ዐረብኛ የሚቀልበትንም የሚከብድበትንም ያየሁት ያኔ ነው።

የሚቀለው ዘመዳሞች በመሆናቸው ነው። ቤት «በይት»፣ ነፍስ «ነፍስ»፣ ሞት «መውት»፣ ደም «ደም»፣ ስም «ኢስም» ነው። በሁለቱም ቋንቋ ቃል የሚወለደው ከሥር ፊደላት ነው። እኛ ከ«ነገረ» ነጋሪ፣ ንግግር፣ ተናጋሪ እንደምንለው ሁሉ እነሱም ከ«ከተበ» (ጻፈ) ኪታብ፣ ካቲብ፣ መክቱብ፣ መክተባ ይላሉ። አንድ ሥር የያዘ ሰው አምስትና ስድስት ቃል በአንድ ጊዜ ይዟል ማለት ነው። ኢማም ሱዩጢም በቁርአን ውስጥ የሚገኙ የሐበሻ ቃላት ናቸው ከተባሉት መካከል «ሚሽካት»ን መዝግበዋል። የእኛን «መስኮት» ያስታውሳል።

ሆኖም ዘመድ መሆኑ ያሳስታልም። «ላሕም» በግእዝ ላም ሲሆን በዐረብኛ ሥጋ ነው። ስለሆነም ተመሳሳይ ቃል ሲያጋጥም ደስ ብሎን ከመዝለል በፊት መዝገበ ቃላት መግለጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር የድምፅ ነው። አማርኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብሎ በሦስት ፊደል ይጽፋል፤ ሲያነብ ግን አንድ ነው። በዐረብኛ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። «ኸለቀ» ፈጠረ፣ «ሐለቀ» ደግሞ ላጨ ነው። «ቀልብ» በጉሮሮ ካልተባለ «ከልብ» ይሆናል፤ ልብ ያልነው ውሻ ሆነ ማለት ነው። ይህ ጆሮንና ምላስን በትዕግሥት ማሠልጠን ይጠይቃል።

ሦስተኛው የጽሕፈት ነው። የአማርኛ ፊደል ሲታይ አናባቢው አብሮ ይታያል። በቁርአን ላይም ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ተቀምጠዋል። በጋዜጣ፣ በደብዳቤና በውል ላይ ግን የሉም። የካፍ፣ የታና የባ ፊደላት ተከታትለው ቢጻፉ «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ) ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ሊሆኑ ይችላሉ። በትክክል ለማንበብ አስቀድሞ መረዳት የግድ ነው። ያን ወረቀት ሳነብ የተደናቀፍኩት ለዚህ ነበር።

አራተኛው የመጽሐፉና የመንደሩ ዐረብኛ መለያየት ነው። «ምን ትፈልጋለህ?» ለማለት ፉስሓው «ማዛ ቱሪዱ» ይላል። የሒጃዝ ሰው «ኤሽ ትብጋ»፣ የሱዳን ሰው «ዳይር ሹኑ» ይላል። ኪታብ ብቻ የተማረ ሰው ገበያ ላይ ግራ ይጋባል፤ በቤት ሥራ ላይ የተማረም ወረቀት ፊት ግራ ይጋባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ችግር ተስፋ ሊያስቆርጠን አይገባም። የወሎ ደረሶች ስንቅ ተሸክመው፣ ከአንዱ ሼኽ ወደ ሌላው እየዞሩ፣ ኣጁሩሚያንና የኢብን ማሊክን አንድ ሺህ ስንኝ ያለውን አልፊያ በአገራቸው ተቀምጠው ተምረዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በአገራችን ዑለሞች ድካም ነው። እነሱ ካሴትም ስልክም አልነበራቸውም፤ ጊዜና ትዕግሥት ግን ነበራቸው።

ከልምዴ የማካፍላችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲስ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት በቃላችሁ የያዛችሁትን ተረዱ። ከፋቲሓ ጀምሩ፤ በየቀኑ ስለምትደግሙት አይረሳችሁም። ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁን ወደ መድረሳ ስትልኩ «ስንት ጁዝእ ደረስክ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኡስታዞችም ከሐርፉ ጋር ትርጉሙን በትንሽ በትንሹ ያቀምሱ። የእንግሊዝኛውም በሽታ ይኸው ነው። መጽሐፉን አሳምሮ የሚያነብ፣ ምን አነበብክ ሲባል ግን የሚተክዝ ተማሪ በየቤታችን አለ። ሦስተኛ፣ ያላወቃችሁትን «አላውቅም» በሉ። ይህች ቃል ለእኔ ከሦስት ወር ደመወዝ በላይ ከብዳኝ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ልጅቷ ናት።

ያቺ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ አልሐምዱሊላህ በሰላም ተመለሰች። ቤታቸው ሄጄ ዐፍው እንድትለኝ ለመንኳት፤ አለችኝም። ከዚያ ያንን ወረቀት ከሻንጣዋ አወጣችና «እስቲ እንደገና አንብበው» አለችኝ። እሷ መናገር እንጂ ማንበብ አልተማረችም። እኔ ሳነብ እሷ በአማርኛ ትናገራለች። «ዩኽሰሙ» ላይ ስደርስ «ይቺንማ አውቃታለሁ፤ ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር የምሰማት ቃል ናት» ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ዛሬ እሷ ከእኔ ፊደሉን ትማራለች፣ እኔም ከእሷ ንግግሩን እማራለሁ። በሰፈራችን ዐረብኛ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ሁለታችን አብረን እናየዋለን። ያልገባን ቃል ካለ ግን «አላወቅነውም፤ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሂዱ» እንላለን። አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይወፍቀን።