ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ ጥንታዊ የሃይድሮጅን ሞገድ እና የሐዋሳ ሰማይ

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አርናብ ቻክራቦርቲ እና ኒሩፓም ሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በሕንድ ፑኔ አቅራቢያ በሚገኘው ግዙፍ የሜትር ሞገድ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ አማካይነት ከአንዲት ሩቅ ጋላክሲ የተነሣ የሃይድሮጅን ሞገድ መመዝገባቸውን አስታወቁ። ሞገዱ ጉዞውን የጀመረው ከ8.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ፀሐይና ምድር ሳይፈጠሩ ነው። ይህ ጽሑፍ ይኸው ሞገድ በሐዋሳ አካባቢ ቢጠበቅ ምን እንደሚገጥመው ይመረምራል።

ገለልተኛ ሃይድሮጅን በ1420.4 ሜጋ ኸርዝ፣ ማለትም በ21 ሳንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያስተጋባል። የጋላክሲዋ ሬድሺፍት 1.29 በመሆኑ የሕዋ መስፋፋት ሞገዱን 2.29 ጊዜ ለጥጦታል፤ ስለዚህ ምድር የደረሰው በ620 ሜጋ ኸርዝ፣ በ48 ሳንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 45 ሜትር ስፋት ያላቸው 30 ሳህኖች እንኳ ብቻቸውን አይበቁም ነበር፤ በመካከል ያለች ሌላ ጋላክሲ በስበቷ እንደ ሌንስ ሆና ሞገዱን 30 ጊዜ ያህል አጉልታዋለች። እንዲህ ያለ ደካማ ግኝት በሌላ መሣሪያ ቢደገም ክብደቱ ይጨምራል። ይሁንና የት?

ጋላክሲዋ ከሰማይ ወገብ በስተ ሰሜን 56.5 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ ያለው ባለ 64 ሳህኑ ሚርካት በ31 ዲግሪ ደቡብ ላይ ስለሆነ፣ ለእርሱ ከአድማስ በላይ 3 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ሐዋሳ ግን በ7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ ጋላክሲዋ እስከ 40 ዲግሪ ከፍ ብላ ትታያለች። የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክ ሲነሣ ውይይቱ የእንጦጦን ባለ አንድ ሜትር የብርሃን ቴሌስኮፖች አያልፍም፤ ለእነርሱ የክረምት ደመና መጋረጃ ነው፣ ለ48 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ግን ምንም አይደለም።

ችግሩ ከታች ነው። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ከ1400 እስከ 1427 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ማንኛውንም ሥርጭት ይከለክላል፤ ነገር ግን ሞገዱ በዕድሜ በገፋ ቁጥር ከዚህ ጥበቃ እየራቀ ይሄዳል። በአፍሪካ የብሮድካስት ቀጠና ከ606 እስከ 614 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል ለሬዲዮ ሥነ ፈለክም በቀዳሚነት ተመድቧል። የዚህች ጋላክሲ ሞገድ በ6 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ያመልጠዋል፤ የሚወድቀው ከ470 እስከ 694 በሚዘረጋው የቴሌቪዥን ሥርጭት ክልል ውስጥ ነው። ደንቡ ድግግሞሽን እንጂ ዕድሜን አያውቅም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ የመረጠችው ቦታን መጠበቅ ነበር።

የሐዋሳ ከተማ ራሷ ለዚህ አትሆንም። በሲዳማ ደጋ በተራራ የተከለለ ሸለቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ግን በመለካት ነው። ለዚያም ትልቅ ሳህን አያስፈልግም። በኮምፒዩተር የሚሠራ ርካሽ ሬዲዮ መቀበያና አንድ አንቴና ይዞ፣ ከ600 እስከ 630 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ጫጫታ በዩኒቨርሲቲው ግቢ እና በአንድ ሸለቆ ለ24 ሰዓት መመዝገብ ለማስተርስ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው። መቀበያው በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ፣ በቆርቆሮ በተሠራ ቀንድ መሰል አንቴና የራሳችንን ፍኖተ ሐሊብ ሃይድሮጅን በ1420 ሜጋ ኸርዝ መቀበል ይቻላል። የቴሌቪዥን ድግግሞሽ ድልድሉ ሳይሞላ የተወሰደ ልኬት፣ ከሞላ በኋላ ከሚቀርብ አቤቱታ ይልቅ ይደመጣል።