የቁልፍ ሥራን በፖስታ ትምህርት እንዴት እንደ ተማርሁ

አጎቴ በወጣትነታቸው በአሜሪካ አገር ሳሉ በፖስታ እየተላከላቸው የተማሩባቸውን የቁልፍ ሥራ ጥራዞች ባለፈው ክረምት ሰጡኝ። በዚያው ሰሞን የአያቴ ሣጥን ቁልፍ ጠፍቶ ነበር። ጓጉንቸሩ ይሰበር ቢባሉ «ባለቤቴ የገዙልኝ ነው፤ አይሰበርም» ስላሉ ትምህርቱን ከልቤ ያዝሁት።

ጓጉንቸሩ የሚሠራው ታናሹ ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባወጣበት ዘዴ ነው። በውስጡ የሚዞር ሲሊንደር አለ። ሁለት ሁለት ሆነው የተደራረቡ ትንንሽ ፒኖች በሞላ እየተገፉ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳሉ። የላይኛው ፒን እኩሌታው በሲሊንደሩ፥ እኩሌታው በጓጉንቸሩ አካል ውስጥ ስለሚቆም መዞርን ይከለክላል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ግን የሁለቱ ፒኖች መገናኛ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር ይስተካከላል፤ ያን ጊዜ ይዞራል። የጥንት ግብፃውያንም በእንጨት መቀርቀሪያ ይህን የመሰለ ዘዴ ነበራቸው።

ቁልፍ ሲጠፋ ጥርስ ያልወጣለትን ቁልፍ አስገብቶ፥ ጠበቅ አድርጎ እያዞሩ ማወዛወዝ ነው። ያልተስተካከለው ፒን በቁልፉ ላይ ጭረት ይተዋል። በጭረቱ ላይ ብቻ በሞረድ ጥቂት ይሞረዳል፤ ጭረቱ መታየቱን ሲተው ይቆማል። ጥራዙ «ጥቂት» ይላል እንጂ፥ ጥቂት ማለት ምን ያህል እንደ ሆነ ለጣት አይነግርም! የመጀመሪያውን ቁልፍ ሦስተኛ ጥርስ አንድ ጊዜ አብልጬ ሞረድሁት፤ የተሞረደ ናስ ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛውን በአራት ቀን ጨረስሁ።

ጓጉንቸሩ ሲከፈት አያቴ ወደ ሣጥኑ ሳያዩ አስቀድመው ቁልፉን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።